ለብ ባለ ውኃ

ፊላደልፊያ ውስጥ፣ ሳንሶም ጎዳና ላይ፣ የጌጥ ሱቆች ሰፈር፣
የጡቡ መንገድ ላይ በረዶ ተጋግሮ ገና ሳይሰበር፣
ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከመብራቴ በታች፣
አንዲት አሮጊት ሴት ከመሀረብ ፈትታ ቀለበት አወጣች።

ስሟ ኦዴሳ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
የከተማ አውቶቡስ፣ ጠዋት በጭጋጉ፣ ማታ በጸዳሉ፣
ነድታ ጡረታ የወጣች፤ ጣቷ መሪ ይዞ የጠነከረ።
"እዪልኝ" አለችኝ፣ "ድንጋዬ ታመመ፤ ባለፈው ሳምንት ደኅና ነበረ።"

አጉሊ መነጽሬን ዐይኔ ላይ ቆልፌ
ወደ አረንጓዴው ገባሁ፣ ደጃፉን አልፌ።
መረግድ ነው፣ እውነት፤ ግን ከሥር እስከ ጫፍ
ነጭ ስንጥቅ ወጥቷል፣ ቅጠሉ እንደረገፈ የዛፍ ቅርንጫፍ።

"በምን ታጠበ?" አልኩ። "የልጄ ሚስት ነች፣
ሰማንያ ሲሞላኝ አብርታ ልታስደንቀኝ ያሰበች፤
ያንን የሚነዝር ገንዳ፣ የሚንቀጠቀጠውን፣ ገዝታ
ከነሳሙናው ነከረችው፣ መተኛቴን ጠብቃ፣ ማታ።"
ልትኳል ሄዳ ዐይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው፤
ደግ እጅ ነው ያደረቀው።

ሃጎፕ፣ የሱቁ ጌታ፣ ፈርጥ ሲሰካ ዐይኑ የደከመ፣
ከጥግ ሆኖ ሲሰማን፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሥቶ ቆመ፦
"እህቴ፣ መረግድ አልማዝ አይደለም፣ ሁሉን ችሎ ዝም የሚል፤
ከነቁስሉ ነው ካለት የሚወጣ፤ ከነጥሻው፣ ከነሥሩ የሚነቀል።
የጥንት ሰው ገብቶታል፤ ዘይት ያጠጣዋል፤
የዝግባ ዛፍ ዘይት ስንጥቁን ይሞላዋል፤
ዘይቱ ሳለ ጥልቅ ውኃ፣ ዘይቱ ሲሄድ አመድ ይመስላል።
ገንዳው የጠጣው እሱን ነው። ድንጋይሽ ተጠምቷል።"

ሃጎፕ አንዴ ከጀመረ ማን ያቆመዋል?
የግብፅን በረሃ መዳፉ ላይ ይዘረጋዋል፤
ባሪያ በኩራዝ ሲምስ፣ ንግሥት ከጆሮዋ ስታንጠለጥል፤
ካህን በደረቱ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ሲሸከም፤ ስፔን ተራራውን ሲነጥል
ከባለቤቱ እጅ፤ መርከብ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ግማሹን ባሕር ሲቀማው።
በዙፋኑ ዙሪያ ያለው ቀስተ ደመና እንኳ መረግድ ነው፣ ለሰማው።
"ከምላስ ሥር ቢያኖሩት ነገን ያናግራል፤
የእባብ ዐይን ያፈሳል፤ ባል ከከዳ ደግሞ በራሱ ይሰበራል።"

ኦዴሳ ሳቀች፣ ከልቧ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ፦
"ባሌ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ! እዚያም ሄዶ አላረፈም በቃ?"

"ለማንኛውም" አልኳት፣ "ሳህን ስታጥቢ አውልቂው።" ቀና ብላ አየችኝ፤
"እናቴ በዚህ ቀለበት፣ የሰው ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ።
አሠሪዎቿ እንዳያዩባት፣ 'ከየት አመጣሽው' እንዳይሏት፣
ከቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታው፤ አርባ ዓመት እንፋሎት፣
አርባ ዓመት ሳሙና፤ አንድ ቀን ፀሐይ ሳይነካው። ያኔ ያልተሰነጠቀ
ምነው ዛሬ፣ ይብራ ሲሉት፣ ይታይ ሲሉት፣ አለቀ?"

ሃጎፕ መልስ አጣ።
መነጽሩን አነሣ፣ ጠረገ፣ መልሶ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"እስቲ ልየው" አለች። ሰጠኋት። ብዙ ዝም አለች።
"ስኩልኪል ነው" አለች።
"በድልድዩ ሳልፍ፣ ጥር ላይ፣ ወንዙ ዳርና ዳር ሲረጋ
መሀሉ እንዲህ ነጭ መስመር ነበረው፣ ገና ሳይነጋ።
ዘይቱ ስንት ዓመት ይቆያል?" "አምስት፤ ቢበዛ አሥር።"
"እንግዲያ እሱና እኔ እኩል ነን፤ አንዱ ባንዱ አይማረር።
ዛሬ ግን አታጠጪው። ምራቴ ቅዳሜ ትመጣለች፤
ከዚያች ማታ ጀምሮ ስታለቅስ ነው የሰነበተች።
በገዛ እጇ ታጠጣው፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ አሳያት።
ከእኔ በኋላ የሷ ነው። ይህን ግን ገና አልነገርኳት።"

ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁ፤ በእጄ አንጓ ለካሁት፣
ሕፃን እንደሚያጥቡ፤ በለስላሳ ብሩሽ ዳሰስኩት፤
አልማዝ እንዳይቧጭረው በጨርቅ ጠቅልዬ ብቻውን ለየሁት።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሃጎፕ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆመ፤
"አርባ ዓመት..." አለ፤ ሊጨርሰው አስቦ፣ ተወው፣ አዘገመ።
የዝግባ ዘይቱን ብልቃጥ፣ ክዳኑን ሳልገጥም ረስቼው ኖሮ
ጠዋት ስመለስ ሱቁ ጫካ ጫካ ይሸታል፣ በረዶ መስኮቱ ላይ ተቋጥሮ።